ባሌ ያላየው ጥላ

ወንድሜ ባሌን በአካፋ እጀታ የመታው በሁዳዴ ነው፤ የሰው ሁሉ ሆዱም ትዕግሥቱም ባዶ በሆነበት ሰዓት። እኔ ከቦዩ በላይ ነጭ ሽንኩርት እኮተኩት ነበርና ድምፁን ሰማሁት። እንጨት የሰው አጥንት ሲመታ እንዴት እንደሚል የሰማ ያውቀዋል፤ ያልሰማም አይስማው። ቀና ስል ባሌ ቦዩ ውስጥ በጉልበቱ ወድቋል፤ ውሃው ጭኑን እየመታ ይሄዳል፤ ወንድሜ ደግሞ አካፋውን ለሁለተኛ ጊዜ አንሥቷል።

«ሌባ! ዓይኔ እያየ ትዋሸኛለህ?» ይላል።

እንደ ሌላ ሴት ኡኡ አላልኩም። መኮትኮቻዬን እንደያዝኩ ወረድኩና የእናቴን ልጅ ትከሻው ላይ አቀመስኩት። ልደግመው ስል አንዱ ወገቤን ያዘኝ፤ የያዘኝንም ነከስኩት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ አፌና እጄ እኩል ነው የሚነሡት። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተወለደች» ትል ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔም ያን ዓመት እስካይ ድረስ ስቄበታለሁ።

ጠቡ የውሃ ጠብ ነው። መንደራችን ከአሸተን ማርያም ሥር፣ ወደ ላሊበላ ገበያ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ደርግ ከወደቀ ዐሥር ዓመት አልፏል፤ ታች ከተማው ውስጥ ሆቴል በሆቴል ላይ ይሠራል፣ አውሮፕላን ፈረንጅ ያራግፋል፤ እኛ ጋ ያለው ሀብት ግን አንድ ምንጭ ነው። በበጋ መንደሩ በሙሉ ሽንኩርቱንና ድንቹን በተራ የሚያጠጣው ከዚያች ምንጭ ነው። ተራው በእጅ ሰዓት አይለካም። ከቦዩ መከፈያ አጠገብ ሰው የሚያህል አለት ቆሟል፤ ከሥሩ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የጥንቶቹ በመሮ የቀረጿቸው መስመሮች አሉ። የአለቱ ጥላ ያንተን መስመር ሲነካ ቦይህን ደፍነህ ውሃውን ለቀጣዩ ትለቃለህ። ይህን የሚዳኘው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ያን ጊዜ የውሃ አባቱ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ ብቻ አልነበረም፤ ያሳደገኝም እሱ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ፀጉሬን ራሴ መሥራት አልችልም ነበር። እሱ ነው በሚያሳክከው ጋቢው አቅፎ ያሳደገኝ፣ እሱ ነው ለባሌ የዳረኝ። «እታለም» ይለኛል፣ እኔም «ወንድምዓለም» እለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የማይታገሠው፦ ሐሰት። ልጅ ሆኜ ማር ሰርቄ በልቼ «ድመቷ ናት» ስለው ለማሩ ሳይሆን ለድመቷ ገረፈኝ።

የጠቡ ቀን ከባሌ ቀጥሎ ተራው የአንዲት ባልቴት ነበር። ልጆቿ ሞተውባት ብቻዋን የቀረች ናት። ቦዩ ዳር ቆማ ትጠብቃለች፤ ጥላው የባሌን መስመር አልፎ ስንዝር ያህል ሄዷል፤ ባሌ ግን አካፋውን ተደግፎ ውሃውን በማሳው ላይ ይለቃል። ወንድሜ መጣና «ጥላው የት ደረሰ?» አለው። ባሌ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ገና ነው» አለ። «ደግመህ እይ» አለው። «ገና ነው፤ አልነካም።» ሰው ሳቀ። ስንዝር ያለፈ ጥላ አጠገብ ቆሞ ገና ነው ማለት የውሃ አባቱን በአደባባይ ማላገጥ ነው። ወንድሜ ሦስተኛ ጠየቀው። ባሌ ሦስተኛ «ገና» አለ። ያኔ ነው የመታው።

በማግስቱ ጠዋት የባሌ የቀኝ ጆሮ ግንድ እንደ ዱባ አብጧል። እኔ በጨውና በቅቤ አሸዋለሁ፤ በጾም ቅቤ ነካሽ ያለኝ የለም።

«ቀኝ ዓይኔ አያይም» አለኝ።

«ምን?»

«ጨልሟል። እጅሽን እንኳ አላየውም።»

«ከመታህ ወዲህ ነው?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዝም አለ። እኔም ዝምታውን «አዎ» አደረግኩት። ዓይኑን ገልጬ አየሁ፤ ደም የለው፣ ጠባሳ የለው፣ እንደ ወትሮው ነው። ጎረቤት ያለች አሮጊት መጥታ በኩራዝ አየችና «ዓይኑማ ደኅና ነው፤ ብርሃኑ ነው ተመትቶ የወጣው» አለች። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ያወቀው ይህን ነው፤ የውሃ አባቱ የእኅቱን ባል ዓይን አጠፋ።

አሁን አንድ ነገር ወደ ኋላ ተመልሼ መናገር አለብኝ። ባሌ ስኳር ነበረበት። ከብዙ ዓመት በፊት ሲጠማውና ሲከሳ፣ ሌሊት ዐሥር ጊዜ ለሽንት ሲወጣ፣ ላሊበላ ሐኪም ቤት ወስጄው «ስኳር ነው፤ በየቀኑ መርፌ ይወጋ» ተብሎ ነበር። የመድኃኒቱን ጠርሙስ እንዳይሞቅ በእርጥብ አሸዋ በሞላሁት ገንቦ ውስጥ ቀብሬ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ቆንጥጬ የምወጋው እኔ ነኝ። ነርሷ ደግሞ «ዓይኑን በየዓመቱ ይታይ» ብላን ነበር። ዓይኑ ደኅና ነው ብለን ተውነው። ለሚያየው ዓይን ደሴ ድረስ ማን ይሄዳል?

ጣጣው የመጣው በጾም ነው። ባሌ ቆራቢ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ምራቁን የማይውጥ ሰው። «ወደ ሰውነት የገባ ሁሉ ጾም ይገድፋል፤ መርፌውም ይገባል» አለኝ። የንስሐ አባታችንን ቤት ድረስ ጠራኋቸው። «ልጄ፣ መድኃኒት ነው፣ ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፣ ተወጋ» አሉት። እግራቸውን ስሞ ሸኛቸውና «አዝነውልኝ ነው እንጂ ሕጉስ እንዲያ አይደለም» አለኝ! ዘነዘና ወረወርኩበት። ጎንበስ ባይል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር። ያን ለት «እሺ፣ እሺ፤ ከእንግዲህ ግን ራሴ ነኝ የምወጋው፤ አንቺ ስትወጊኝ ያመኛል» አለ። እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ተገላገልኩ። ጠዋት መርፌውን ይዞ ከጓሮ ይሄዳል፤ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። እግዜር ይመስገን አልኩ።

ወደ ጠቡ ልመለስ። ሦስት ሽማግሌዎች ከአንድ ቄስ ጋር መስቀል ይዘው መጡ። ወንድሜ ጥፋቱን አምኗል፣ ዓይኑን አስቤ አልመታሁም ብሏል፣ እታረቃለሁ ይላል አሉ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ አላስገባኋቸውም። መስቀሉን አልተሳለምኩም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው፤ ቄሱ መስቀሉን ዘርግተው ቆመው እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«ሽማግሌ ዓይን ይተክላል?» አልኳቸው። «ከተከላችሁለት ግቡ። ካልተከላችሁለት ውሻዬን ሳልፈታው ሂዱ።»

አንዱ ሽማግሌ፣ አባቴን የሚያውቁት፣ «ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቀስ በይ» አሉኝ። ውሻውን ፈታሁት። ሽማግሌ በውሻ ያባረርኩ ሴት ነኝ እኔ። የአንዳቸው ጋቢ ተቀደደ።

እንግዲህ ቀጥሎ ያደረግኩትን ነው ዕድሜዬን ሙሉ የምሸከመው።

የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ከእኛው ጋር ነበር የሚኖረው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለስላሳ፣ ዘፈን የሚወድ፣ ዶሮ እንኳ ሲያርድ ፊቱን የሚያዞር። አመሻሽ ላይ ከከብቶቹ መልስ ራቱን ሊበላ ተቀምጧል። ባሌ ምድጃው ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ ተኮራምቷል። መቀነቴን ፈታሁና ዋርሳዬ ጭን ላይ ወረወርኩለት።

«ይኼን ታጠቅና ቤት ዋል» አልኩት። «ሱሪህን ደግሞ ለኔ ስጠኝ፤ እኔ ልሂድ።»

«እትዬ፣ ተዪኝ እንጂ» አለ። «የራስሽ ወንድም እኮ ነው!»

«ወንድም የለኝም። ወንድሜ የሞተው የባሌን ዓይን ያጠፋ ቀን ነው። ዓይን ስለ ዓይን ነው፤ አንተ ካልቻልክ ዳቦ ጋጋሪ ሁን።»

ባሌ ከጥጉ «ተዪው፤ ልጁን አታስገቢው» አለ። ድምፁ ደከም ያለ ነበር። ሌላም ነገር ሊል አፉን ከፍቷል፤ አሁንም ድረስ ያ የተከፈተ አፍ ይታየኛል።

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። «ዓይንህን አስበልተህ ደግሞ ምክር ትሰጠኛለህ?»

አፉን ዘጋ። ዋርሳዬ መቀነቱን ከጭኑ አንሥቶ፣ ጠቅልሎ፣ ቀስ ብሎ ምድጃው ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ራቱን አልበላም። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።

ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ነው የሆነው። እኔ ጨውና ሳሙና ገዝቼ ከሴቶች ጋር ዳገቱን እወጣለሁ። ወንድሜ ከፊታችን አህያውን እየነዳ ይሄዳል፤ ባሌን ከመታው ወዲህ ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኛል፣ እኔም አልፌው እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን አላለፍኩትም፤ ዋርሳዬ ከቁልቋሉ ጀርባ ሲወጣ አይቼዋለሁና ቆምኩ።

የመጀመሪያው ዱላ አንገቱ ላይ አረፈ። ወንድሜ ዞሮ «አንተ ነህ?» አለ እንጂ ዱላውን አላነሣም። ሁለተኛው ክንዱን ሰበረው። አህያዋ ደንብራ ጭነቷን በተነች፤ ድንቹ ቁልቁል ይንከባለላል። ሦስተኛው ፊቱ ላይ ነው። ወንድሜ ወደቀ፤ ዋርሳዬ ግን አላቆመም፤ እያለቀሰ ይመታል፣ እየመታ ያለቅሳል። ሴቶቹ ኡኡ አሉ።

እኔ እልል አልኩ።

አዎ፣ እልል አልኩ። ሦስት ጊዜ። አራተኛውን ስጀምር ወንድሜ ፊቱን ወደኔ አዞረ። ግራ ዓይኑ ከቦታው አልነበረም፤ ጉንጩ ላይ ነበር። እልልታዬን አቋረጥኩ። ጨውና ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። ወንድሜ በቀረው ዓይኑ አየኝና «እታለም» አለኝ፤ ድሮ ወድቄ ሳለቅስ እንደሚለኝ። ሌላ ነገር አላለም።

ዋርሳዬን የቀበሌ ታጣቂ የያዘው እዚያው ተቀምጦ ነው፤ አልሮጠም። ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ወንድሜ ሐኪም ቤት ከርሞ አንድ ዓይና ሆኖ ወጣ፤ የውሃ አባትነቱንም ለሌላ ሰጡበት። እኔ መንደር ውስጥ ቀና ብዬ ሄድኩ። ደሜን መለስኩ ብዬ! ማታ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ «እታለም» የሚለው ድምፅ ትራሴ ሥር አለ። ቢሆንም ለራሴ አንድ ነገር እል ነበር፤ እሱ ዓይን አጠፋ፣ ዓይኑ ጠፋ፤ ትክክል ነው። በዚያች «ትክክል ነው» ላይ ነበር የቆምኩት።

ሰኔ ገባ። ባሌ ደጃፍ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍላል፤ እኔ አጠገቡ ጓያ እለቅማለሁ። ድንገት «ክር!» አለ። እጁን ከፊቱ እንደ ዝንብ ማባረር አደረገ። «ጥቁር ክር ወረደብኝ። አሁን ጭስ ሆነ። ቀይ ጭስ!» ባቄላውን ጣለውና ዓይኑን ይዞ ጮኸ። ደኅና የነበረው ግራው ዓይኑ ነው።

ብድግ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ! ማን እንደመታው ነበር የምፈልገው። «ማን ነካህ? ማን ወረወረ?» እላለሁ። ማንም የለም። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና እሱ፣ አንዲት ዶሮና ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ነን። ማንም ሳይነካው ግራው ከጠፋ፣ ቀኙስ?

መንገዱ በዝናብ ሳይቆረጥ ደሴ አደረስኩት። የዓይን ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ጠብታ ጨምራ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ ብዙ አየችው። ካየች በኋላ ለሁለታችንም ወንበር ሰጠችን። ወንበር ሲሰጡ ደግ ነገር እንደማይናገሩ አውቃለሁ።

«ይህ የስኳር ነው» አለች። «የቀኙም የግራውም።»

«የቀኙ የምት ነው፣ ዶክተር» አልኳት።

«ይስሙኝ፣ እናቴ» አለችና እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ከዓይናችን ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ስሮች ተዘርግተዋል። ጤነኛ ዓይን ውስጥ ስሮቹ ዝም ብለው አይፈሱም፤ ያ ሽፋን ብዙ ሲሠራ ይሰፉና ደም ይጨምሩለታል፣ የደም ግፊቱ ሲያይል ይጠቡና ያግዱታል። ስሮቹን አቅፈው የሚያሰፉና የሚያጠቡ ጥቃቅን ሴሎች አሉ። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ስሮቹ መታዘዝ ያቆማሉ፤ እነዚያ ሴሎችም አንድ በአንድ ይሞታሉ። አንዱ ስር ያፈስና ያጨቀያል፣ ሌላው ይዘጋና ቦታው ይጠማል። የተጠማው ቦታ ደግሞ ድረሱልኝ ይላል፤ በጥሪው አዲስ ስሮች ይበቅላሉ፣ ግን ገለባ ናቸው። ሲያስል፣ ሲያጎነብስ፣ ተኝቶ ሳለ እንኳ ይፈነዳሉ። ደሙ ዓይን ውስጥ ይሞላል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

«የውሃ አባቱ ሞቷል ማለት ነው» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ምንም። በሰፈራችን ውሃ የሚያከፋፍል ሰው አለ። እሱ ከሌለ አንዱ ማሳ ይሰጥማል፣ አንዱ ይደርቃል።»

ትንሽ አሰበችና «አዎ፤ ልክ እንደዚያ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረች። «መርፌውን በትክክል ይወጉ ነበር?»

ባሌ የጋቢውን ጫፍ በጣቱ ይጠቀልላል።

«መጀመሪያ ክር የታየዎት መቼ ነው? የቀኙን ማለቴ ነው።»

ጠብታው ያሰፋው ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ተናገር እንጂ!» አልኩት።

«ከጥምቀት በፊት» አለ።

ጠቡ በመጋቢት ነው። ጥምቀት በጥር። ጣቶቼን ዘርግቼ እንደ ሕፃን ቆጠርኩ።

«የጠቡ ለት ጠዋት» አለ ቀጥሎ፣ ለሐኪሟ እየተናገረ፣ ለኔ አይደለም፤ «ከቤት ሳልወጣ ቀኙ ደም ሞላ። ጨለመ። ግራው ደግሞ ከቆየ ጭጋግ ነበር። አካፋውን እየተመረኮዝኩ ወረድኩ። ውሃው በእግሬ ሲነካኝ ነው ቦዩ ጋ መድረሴን ያወቅሁት።»

ሐኪሟ የቀኙ ጠባሳ የቆየ መሆኑን፣ ከእንግዲህ የማይመለስ መሆኑን፣ ግራውን ደሙ ከጠራ በኋላ አዲስ አበባ በጨረር ቢታከም ትንሽ ብርሃን ሊተርፍ እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ ያለችውን አልሰማሁም።

ከውጭ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ አስቀመጥኩትና ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መርፌውን ከጓሮ ምድር ላይ እደፋው ነበር» አለ። «በነቢያት ጾምም፣ በሁዳዴም። ዓይኔ የጠፋው በስኳር ነው ብልሽ ይህን ታውቂብኛለሽ።»

«እና? ባውቅስ?»

«ምላስሽን ፈራሁ» አለ። «መጀመሪያ ምላስሽን ፈራሁ። ኋላ ደግሞ አንዴ ነገሩ ከሄደ በኋላ ሁሉን ፈራሁ። ያን ማታ ልነግርሽ ነበር፤ ዝም በል አልሽኝ።»

ደሜ ፈላ። እጄን አነሣሁ። ልመታው ነበር፤ እመብርሃንን፣ በጥፊ ልለው ነበር። እጄ ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተዘርግቶ ቆመ፤ እሱ ግን ፊቱን አላሸሸም፣ አልተሸማቀቀም፣ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። እጄን አላየውም። ዝም ብሎ ወደኔ ወደሚመስለው አቅጣጫ ይመለከታል። እጄን አወረድኩ። ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ አላነሣሁትም።

ቤት በደረስን በሦስተኛው ቀን ከወንዝ ድንጋይ መረጥኩ። በእኛ አገር ደም ያፈሰሰ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ከአንገቱ ያወርድለታል፤ ካላለ ተሸክሞ ይመለሳል። የሚሸከመው ዘወትር ወንድ ነው። እኔ ግን ዱላውን ያነሣሁት በዋርሳዬ እጅ ነውና ድንጋዩን ራሴ ተሸከምኩ። ከባዱን ነበር የመረጥኩት። በመንደሩ መሀል ጎንበስ ብዬ ሳልፍ ሰው ከየደጁ ወጥቶ ያያል፤ እኚያ ውሻዬ ጋቢያቸውን የቀደደባቸው ሽማግሌ ብቻ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ወንድሜ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከገበያው ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ክንዱ ተጣሞ ገጥሟል፤ ግራ ዓይኑ ጎድጉዶ ተሰፍቷል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከእግሩ ሥር ተንበረከክሁ፤ ድንጋዩ አንገቴን ይሰብረኛል።

«ወንድምዓለም፣ አንተ አላጠፋኸውም» አልኩት። «የባሌን ዓይን አንተ አላጠፋኸውም። ስኳር ነው። ሐኪም አይታዋለች። ከምትመታው በፊት ጠፍቶ ነበር። ባልሠራኸው ነው ዓይንህን ያስጠፋሁህ። በከንቱ ነው። እኔ ነኝ።»

ይህን ስነግረው ምን ጠብቄ ነበር? ይሰድበኛል ብዬ። በእርግጫ ይለኛል ብዬ። ወይም «ተመስገን፣ ከደም ነጻሁ» ይላል ብዬ። ንጽሕናውን ይዤለት የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

ቀስ ብሎ «ከምመታው በፊት?» አለ።

«በፊት። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ።»

«ታዲያ ጥላውን ስጠይቀው?»

«አያየውም ነበር።»

«ሦስት ጊዜ ስጠይቀው?»

«አያየውም ነበር፣ ወንድምዓለም።»

ብድግ አለ። በርጩማው ተገለበጠ። «ሌባ ነው ብዬ እኮ ነው የመታሁት!» ብሎ ጮኸ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተቀምጬ፣ ዓይኔም ቢሄድ ሌባ ነው የመታሁት እያልኩ ነው የኖርኩት! ለባልቴት ብዬ፣ ለእውነት ብዬ ነው እያልኩ! ዕውር ነው የመታሁት? ቦይ ውስጥ በእግሩ እየዳበሰ የቆመ ዕውር ነው በአካፋ የመታሁት?» ግድግዳውን በጤነኛው እጁ መታው፤ ጭቃው ረገፈ። ደግሞ መታው። የእጁ ቆዳ ተላጠ።

ከዚያ መጣና ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሣው። ይቅር አለኝ ብዬ እግሩን ልስም ስል ድንጋዩን በራሱ አንገት ላይ ጫነው፤ በአንድ እጁ፣ እያቃሰተ። ከቤት ወጥቶ ወደኔ ቤት ቁልቁለቱን ያዘ። በግራው በኩል ያለውን ጉድጓድ አያየውምና ሁለት ጊዜ ተሰናከለ። ልደግፈው ስል «ልቀቂኝ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ባሌ ደጃፍ ላይ ነበር። ዳናችንን ሰምቶ «ማነው?» አለ።

ወንድሜ ከፊቱ ተንበረከከ። «እኔ ነኝ። ዕውር መታሁ። ድንጋዩን ካሻህ አውርድልኝ፤ ካላሻህ ተወው» አለው።

ባሌ ድንጋዩን ሊያወርድለት እጁን ዘረጋ። አንገቱን ስቶ ፊቱን አገኘ። ጣቶቹ ግንባሩን፣ ቅንድቡን ዳብሰው ወረዱና ያ ስፌት ያለበት ጎድጓዳ ውስጥ ገቡ። ታናሹ የወንድሜን ዓይን ማጥፋቱን ባሌ ሰምቷል፤ በጣቱ ግን አላወቀውም ነበር። ጣቶቹ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ባሌ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አሰማ፤ ያ በጠቡ ለት እንኳ ያላሰማው ድምፅ ነው።

«አለመናገሬ ነው» አለ። «ወንድሜ፣ ይኼ አለመናገሬ ነው።»

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ በጤነኛው እጁ የባሌን እግር ይዟል፤ ባሌ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አልለቀው አለ። የሁለቱም እጅ ለሌላ ነገር አልተረፈም፤ ድንጋዩን ያወረድኩት እኔ ነኝ።